የማኅበራችን አዳራሽ ስካይላይት (የጣሪያ መስታወት) መጋረጃ፦ እሑድ ለጉባኤ የሚቀርበው ዕቅድ

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ
ኮርኒስ ሠሪው የፊታችን ሐሙስ ጂፕሰሙን መዝጋት ይጀምራል። ከዚያ በፊት የአራቱን ስካይላይት መጋረጃ ጉዳይ መወሰን አለብን። መጋረጃው ኮርኒሱ ውስጥ ተደብቆ እንዲገባ ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። አሁን የቀረው ዓይነቱ፣ ዋጋውና ማን ምን እንደሚሠራ ነው። ሐሳብ ያለው ይጻፍ። ቅዳሜ ማታ አንድ ገጽ አድርጌ አዘጋጀዋለሁ።

ቤት 304፣ ሰኞ ማታ
ፊኒሺንግ ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ እኔ ልጀምር። የግድግዳ መጋረጃ በራሱ ክብደት ይንጠለጠላል። የጣሪያ መጋረጃ ግን መሐሉ ይረግባል። ስለዚህ ግራና ቀኝ ሐዲድ ያስፈልገዋል። ጫፉን ደግሞ የሚወጥረው ስፕሪንግ ወይም ገመድ ይፈልጋል። ይህ ከሌለ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ተልባ ከረጢት ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ።
የእኛ ክፍተት አንዱ 1.20 በ2.40 ሜትር ገደማ ነው። ጥቅሉ፣ መያዣውና ሞተሩ እንዲገባ በአንዱ ጫፍ ቢያንስ 15 በ15 ሴንቲ ባዶ ቦታ፣ ማለትም ሳጥን፣ ይተው። ሳጥኑ ሥር የሚከፈት ክዳን ይኑረው። ክዳን ካልተተወ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ኮርኒስ ልንሰብር ነው። የመብራት ሽቦውም አሁን ይዘርጋ፤ ጂፕሰሙ ከተዘጋ በኋላ ወጪው እጥፍ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ ማታ
ስንት ብር? ለአዳራሹ የቀረን 210,000 ነው። ከእሱ 60,000 የኮርኒሱ ቀሪ ክፍያ ነው። እጄ ላይ ያለው 150,000 ብቻ ነው። ሐምሌ 2016 የዶላሩ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ጠዋት የሰማችሁት ዋጋ ማታ አይገኝም። ዋጋ በጽሑፍ ካልመጣ ቼክ አልፈርምም።

ቤት 304፣ ሰኞ ማታ
ሁለት ቦታ ጠይቄያለሁ። ባለ ሞተሩ ከነሐዲዱ አንዱ 34,000 ብር። በእጅ በዘንግ የሚዞረው 14,000። ለአራቱ 136,000 ወይም 56,000 ማለት ነው።

ቤት 118፣ ማክሰኞ ጠዋት
ይህን ነገር መጀመሪያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስለ ውበት አልነበረም ያነሣሁት። የ12ኛ ክፍል ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናለሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ምንም አያሳይም። ልጆቹ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ነው የሚያነቡት። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ ይሁን። ሌላው ሁሉ ለእኔ ትርፍ ነው።

ቤት 401፣ ማክሰኞ ጠዋት
የሙቀቱም ነገር ይታሰብ እንጂ። ባለፈው ሚያዝያ ለቅሶ ላይ መስታወቱ ሥር የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ነው የዋሉት። አንዷ ራሷን አዙሯት ወጣች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ተነሡና ቦታ ለውጡ አይባልም።

ቤት 112፣ ማክሰኞ ጠዋት
አራት ምን ያደርግልናል? ሁለቱ በሰሜን በኩል ናቸው። ፀሐይ በሰሜን አትመጣም። የደቡቦቹን ሁለት ብንሸፍን ይበቃል። ግማሽ ገንዘብ ይተርፋል።

ቤት 304፣ ማክሰኞ ቀን
ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላይ ትመጣለች። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን ያለነው። ሚያዝያ 5 ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ነሐሴ 23 ገደማ ተመልሳ አናታችን ላይ ትሆናለች። በመሐሉ ባሉት አራት ወር ተኩል ገደማ በቀትር የሚመጣው ፀሐይ ከሰሜን ነው። እትዬ ያሉት የሚያዝያው ለቅሶም በዚሁ ሰሞን ነው የዋለው። ጣሪያ ላይ ያለ መስታወት ደግሞ ከግድግዳ መስኮት የበለጠ ይቀበላል፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ታቃጥላለች።
ሙቀቱን በተመለከተ ግን እውነቱን ልናገር። ከውስጥ የሚዘጋ መጋረጃ ብርሃኑን ይይዛል። ሙቀቱ ግን መስታወቱን አልፎ ገብቷል። ወደ መስታወቱ የሚዞረው የጨርቁ ፊት ነጭ ከሆነ ጥቂቱን ይመልሳል። ሙሉ በሙሉ ማቆም ከፈለግን ከውጭ ነው የሚሸፈነው፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ቤት 112፣ ማክሰኞ ቀን
እሺ፣ አራቱም ይሁኑ። ስለ ፀሐይዋ አላውቅም ነበር። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ካልተመለሰ እጄን አላወጣም። ባለ ሞተር ከሆነ ሪሞቱ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

ቤት 209፣ ማክሰኞ ቀን
ሪሞት? የ136,000 ብር ሥራ እያወራን ስለ ሪሞት?

ቤት 112፣ ማክሰኞ ቀን
አዎ፣ ስለ ሪሞት። የዚህ ማኅበር ዕቃ በሙሉ የጠፋው በዚህ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ማን እንደሚይዘው አይነገርም። ኋላ ሁሉም «እኔ ጋ የለም» ይላል።

ቤት 209፣ ማክሰኞ ማታ
ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ግን ማይክራፎኑ የት እንደተገኘ ሁላችንም እናውቃለን።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ ማታ
ይህን ማንሣት አያስፈልግም ነበር።

ቤት 112፣ ማክሰኞ ማታ
ያንሣው። እኔም ልናገር። ማይክራፎኑ በ2014 እኔ ቤት ነው የተገኘው። ሠርግ አድርገው አዳራሹን ክፍት ጥለው ሄዱ። ሌሊት ዝናብ እየዘነበ ወርጄ መብራት አጥፍቼ፣ በር ዘግቼ፣ ማይክራፎኑን በፌስታል ጠቅልዬ ቤቴ አስገባሁ። በማግሥቱ ለያኔው ጸሐፊ ተናገርኩ። እሱ ለማንም አልነገረም። ሦስት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ ሰላምታ ተነፈግሁ። ባለቤቴ ቡና ላይ አትጠራም ነበር። ማንም ይቅርታ አላለኝም። ስለዚህ ሪሞቱ ማን ጋ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይሁን። ከእንግዲህ በሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ቤት 401፣ ማክሰኞ ማታ
ይህን እኔ አልሰማሁም ነበር። እግዜር ይወቀው፣ እኔም ካወሩት አንዷ ነበርኩ። ይቅር በለኝ። አንተም ልጄ፣ የ209ኙ፣ እሳት ላይ ጭድ አትጨምር። አባትህ ይሆናሉ።

ቤት 209፣ ረቡዕ ጠዋት
ጋሼ፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ያኔ እዚህ አልገባሁም ነበር፤ የሰማሁትን ነው የደገምኩት። ለካሳው ሥራ ልሥራ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ አራቱንም ክፍተት እለካለሁ። ሦስተኛ ዋጋም ከመርካቶ አመጣለሁ።

ቤት 304፣ ረቡዕ ጠዋት
ጎበዝ። ስትለካ እያንዳንዱን ወርድ ሦስት ቦታ ለካ፦ ዳርና ዳር፣ መሐል። ትንሹን ቁጥር ያዝ። ግንበኛ የሠራው ክፍተት አንድም ቀን እኩል ሆኖ አያውቅም።
የሪሞቱን ነገር ግን ልፍታው። ሪሞት አያስፈልግም። ግድግዳ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ እናድርግ። የሚጠፋ ነገር አይኖርም።

ቤት 112፣ ረቡዕ ቀን
ይህ ይሻላል። ግን ልጆች ይጫወቱበታል። ቅዳሜ ጥናት አለ፣ እሑድ ደግሞ ሕፃናቱ አሉ። ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ሞተሩ ይቃጠላል።

ቤት 118፣ ረቡዕ ቀን
የእኔ ልጆች 18 ዓመታቸው ነው። መጋረጃ አይጫወቱም።

ቤት 112፣ ረቡዕ ቀን
የአንተን ልጆች አላልኩም፣ መምህር። ስለ ሕፃናቱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ ቀን
መብራት ሲጠፋስ? መጋረጃው ግማሽ ላይ ሆኖ ቢቆም ጉባኤውን በጨለማ ልንቀመጥ ነው? ይህን የጠየቀ የለም።

ቤት 304፣ ረቡዕ ቀን
ጥሩ ጥያቄ ነው። ባትሪና ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ሞተር አለ። ዋጋው ይጨምራል። ወይም በዘንግ የሚዞረውን እንውሰድ፤ መብራት አይፈልግም።

ቤት 112፣ ረቡዕ ማታ
ዘንጉስ ማን ጋ ይቀመጣል?

ቤት 118፣ ረቡዕ ማታ
ጋሼ!

ቤት 112፣ ረቡዕ ማታ
ከልቤ ነው የምጠይቀው። ዘንግ ከሪሞት ይበልጥ ይጠፋል። መጥረጊያ እንጨት ያደርጉታል።

ሰብሳቢ፣ ረቡዕ ማታ
ሁሉንም አነበብኩ። ጋሼ የሚሉት መጋረጃ ብቻ አይመስለኝም። አዳራሹ ውስጥ የሚቆለፍ ነገር የለንም። ማይክራፎኑ፣ የፕሮጀክተሩ ገመድ፣ የቡናው ስኒ፣ የመዝገቡ ደብተር በየቤቱ ነው ያለው። አንድ የብረት ቁም ሳጥን ብንገዛ ሪሞቱም ዘንጉም እዚያ ይገባል። ፊርማ የሚፈረምበት ደብተር ይኑረው።

ቤት 401፣ ረቡዕ ማታ
ይህ ነው የጎደለን! ስኒው እኮ በዓል በመጣ ቁጥር ከእኔ ቤት በሳፋ ነው የሚወርደው። አምናም አራት ተሰበረ።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ ማታ
ቁም ሳጥኑ ስንት ነው?

ሰብሳቢ፣ ረቡዕ ማታ
ደህናው 28,000 ገደማ።

ቤት 415፣ ረቡዕ ማታ
ዘግይቼ ገባሁ። ለምን መጋረጃ? የአፍሪካ አዳራሽን የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስታወት ያየ ሰው መስታወት በጨርቅ አይሸፍንም። 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ፀሐይ ሲገባበት ሰው ዝም ይላል። በሰፈሩ አንደኛ የሚባል አዳራሽ ከፈለግን ባለ ቀለም መስታወት እናድርግ። ተከራዩም ይጨምራል።

ቤት 118፣ ረቡዕ ማታ
ልጆቹ ፕሮጀክተሩን በቀይና በአረንጓዴ ብርሃን እንዲያዩት ነው?

ቤት 415፣ ረቡዕ ማታ
ስለ ልጆቹ ብቻ አይደለም አዳራሹ። ዘጠኝ ዓመት ያዋጣነው ሁላችንም ነን።

ጸሐፊ፣ ሐሙስ ጠዋት
ኮርኒስ ሠሪው መጥቷል። «ሳጥን ልተው ወይስ ልዝጋ?» እያለኝ ነው። የ209ኙ ወንድማችን ልኬቱ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፣ ሐሙስ ጠዋት
209? ደውዬም አላነሣም።

ቤት 304፣ ሐሙስ ጠዋት
ሳጥኑን ይተው። አደራ። መጋረጃው ዘንድሮም ባይገዛ ቦታው ይኑር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።

ቤት 304፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት
ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ራሴ ለካሁ። አንደኛው 1.19፣ ሁለተኛው 1.21፣ ሦስተኛው በአንዱ ጫፍ 1.20 በሌላው 1.17፣ አራተኛው 1.20። ቁመታቸው ሁሉም 2.40 አካባቢ ነው። ሦስተኛውን በ1.17 ነው የምናዝዘው። አራቱም በምሥራቅ ጫፍ 16 ሴንቲ ተትቶላቸዋል። ክዳኑን በብሎን እንጂ በሙጫ እንዳይገጥመው ነግሬዋለሁ። ሽቦውንም አስወጥቻለሁ። በዘንግ ቢሆንም ሽቦው ይቆይ፤ አንድ ቀን ያስፈልገናል።
ሁለተኛው ሥር ግን ጂፕሰሙ ላይ ቢጫ የውኃ ምልክት አየሁ። ክረምት ሳይገባ መስታወቱ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ መታየት አለበት። ያ ሳይሠራ ጨርቅ ብንሰቅል ይሻግታል።

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት
ማሸጊያው ስንት ነው?

ቤት 304፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት
ለአራቱም ከነሠራተኛው 22,000 የሚሆን ይመስለኛል።

ቤት 112፣ ሐሙስ ማታ
ልጄ፣ እናመሰግናለን። ፈቃድ ጠይቀሽ መምጣትሽን ልብ ብያለሁ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ግን ሁለት ይሁን። አንዱ ጸሐፊው ጋ፣ አንዱ ምድር ቤት ካለ ሰው ጋ።

ቤት 401፣ ሐሙስ ማታ
ሦስት ይሁን እንጂ። ለቅሶ ሌሊት ቢደርስ ስኒ ለማውጣት ማንን እንቀሰቅሳለን?

ቤት 415፣ ዓርብ ጠዋት
የባለ ቀለም መስታወቱ ሐሳብ በዕቅዱ ውስጥ ይካተት። ለወደፊት ተብሎም ቢሆን።

ጸሐፊ፣ ቅዳሜ ማታ
ለነገው ጉባኤ የጻፍኩት ይህ ነው።
የብረት ቁም ሳጥን ከነደብተሩ፣ 28,000 ብር። የስካይላይቱ ማሸጊያ፣ 22,000 ብር። በዘንግ የሚዞር መጋረጃ ለአራቱም፣ 56,000 ብር፤ ማሸጊያው ከተሠራና አንድ ዝናብ ካለፈ በኋላ የሚታዘዝ። ጨርቁ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ወደ መስታወቱ ነጭ። ድምሩ 106,000። ባለ ቀለም መስታወት ለወደፊት የሚጠና። የቁልፉ ብዛት በጉባኤው የሚወሰን። የ2014ቱ የማይክራፎን ጉዳይ በቃለ ጉባኤ ተስተካክሎ ይጻፍ፤ ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ቤት 118፣ ቅዳሜ ማታ
መጋረጃው ሦስተኛ ሆነ?

ጸሐፊ፣ ቅዳሜ ማታ
መምህር፣ ካላሸግነው ይበሰብሳል።

ቤት 118፣ ቅዳሜ ማታ
ይገባኛል። ግን ፈተናው ሰኔ ነው። ዝናቡ እስኪያልፍ ልጆቹ ይፈተናሉ። እስከዚያ ጥቁር ላስቲክ ልወጥርበት? ወጪው የራሴ።

ቤት 112፣ ቅዳሜ ማታ
ወጥርበት። መሰላሉ እኔ ቤት ነው። ነገ ከጉባኤው በፊት በ2 ሰዓት ና፣ አብረን እንሰቅላለን። መሰላሉ እኔ ጋ መሆኑን ጸሐፊው ይመዝግብልኝ።

ቤት 401፣ ቅዳሜ ማታ
ስለ ቁልፉ ማንም አልመለሰልኝም።