የመጀመሪያ ፑል ሪኩዌስቴ ተዘጋብኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ፓይተን መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አሁን ኦፕን ሶርስ (ማንም ኮዱን እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ) ፕሮጀክት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን በየት በኩል እንደሚገባ ጠፋኝ።

መጀመሪያ ጊትሃብ (ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸውን፣ ማለትም ለጀማሪ የሚሆኑ የችግር ጥቆማዎችን፣ ፈለግኩ። አንዱን ስከፍት ከእኔ በፊት ዘጠኝ ሰው «እኔ ልሥራው?» ብሎ ተሰልፏል። ሌላውን ሦስቴ አንብቤ ምን እንደሚል አልገባኝም። በመጨረሻ የአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ሪድሚ (የፕሮጀክቱ ማብራሪያ ፋይል) ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክዬ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ላክኩ። በሦስተኛው ቀን ያለ አንድ ቃል ተዘጋ። እውነት ለመናገር ከፋኝ።

በጊት፣ የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ብራንች (የተለየ የሥራ መስመር) መክፈት፣ ኮሚት (ለውጥ መመዝገብ) እና ፑሽ (ወደ ጊትሃብ መላክ) ማድረግ እችላለሁ። የጎደለኝ እሱ አይመስለኝም። የትኛውን ፕሮጀክት ልምረጥ? ምንስ ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ሦስተኛው ፊደል

እህቴ፣ መጀመሪያ መዘጋቱን እርሺው። ያንቺን ችሎታ አይቶ የፈረደ ሰው የለም።

ጥያቄሽን ግን ትንሽ ላዙረው። «የትኛውን ልምረጥ» ስትዪ የማታውቂውን ቤት በር እያንኳኳሽ ነው። ቀድመሽ የገባሽበት ቤት አለ እኮ። ስምንት ወር ሙሉ ስትጭኛቸው የነበሩትን ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች) ቁጠሪያቸው። ከነሱ ውስጥ አንድ ቀን ያስለቀሰሽ የቱ ነው? እዚያ ሂጂ። ሁልጊዜ የምትጠቀሚበት ነገር ሲበላሽም ሲስተካከልም ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የእኔን ልንገርሽ። ሥራዬ የስም ዝርዝር ማጥራት ነበር። ሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለየ የሠንጠረዥ ጽሑፍ) አንብባ የተደጋገመውን ስም የምታወጣልኝ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበረች፤ በፓይተን የተጻፈች፣ ኦፕን ሶርስ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ የላከልኝን ፋይል ስሰጣት «ስም የሚባል ኮለም የለም» ብላ ቆመች። ፋይሉን ከፈትኩት። «ስም» የሚለው ፊት ለፊቴ ተጽፏል።

እኔ ያዘጋጀሁት ፋይል ይሠራል፤ የሱ አይሠራም። ልዩነቱ የሱ ከኤክሴል የወጣ መሆኑ ብቻ ነው። ርዕሱን ፕሪንት አደረግኩት፤ ያው «ስም» ነው። ግራ ሲገባኝ ርዝመቱን አስቆጠርኩት። ስም ሁለት ፊደል ነው። ኮምፒውተሩ 3 አለኝ። እንደገና አስቆጠርኩ። 3።

ለካ ከ«ስ» በፊት የማይታይ ምልክት ተቀምጧል። ቢኦኤም ይሉታል። ኤክሴል ሲኤስቪን በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በባይት በሚጻፍበት ሥርዓት) ሲያስቀምጥ ፋይሉ መግቢያ ላይ 3 ባይት ያስቀድማል። ፓይተን ፋይሉን በተራ ዩቲኤፍ-8 ከከፈተው ያንን እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ ከርዕሱ ጋር ያጣብቀዋል። ዓይን አያየውም፤ ፕሮግራሙ ግን ያየዋል።

የፕሮጀክቱን ኢሹዎች ስፈልግ ሁለት ሰዎች ስለዚሁ ጽፈዋል። አንዱማ ከሰባት ወር በፊት ነው። «አይሠራም» ይላሉ፤ ፋይል ግን አላያያዙም። ሜንቴነሩም (የፕሮጀክቱ ጠባቂ) «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መልሶላቸው ነገሩ እዚያው ቆሟል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። እኔ ማስተካከያ አልላክኩም። ሁለት መስመር ብቻ ያላት ፋይል ሠርቼ አያያዝኩ። የሰጠሁትን ትእዛዝ፣ የጠበቅኩትን፣ ያገኘሁትን፣ የፓይተኑን ቨርዥን ጻፍኩ። ርዝመቱ 3 መሆኑንም ጨመርኩ። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «አሁን እኔም ጋ ተበላሸ። ልታስተካክለው ትፈልጋለህ?»

ልብ በዪ፣ የጋበዘኝ እሱ ነው። ወረፋ አልያዝኩም፤ «ልሥራው?» ብዬም አልጠየቅኩም። ትልቁ ሥራ ያቺ ሁለት መስመር ፋይል ነበረች።

ጥገናውማ አንድ መስመር ነው። ፋይሉ የሚከፈትበት ቦታ ላይ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ማድረግ። ምልክቱ ካለ ይጥለዋል፤ ከሌለም እንደ ድሮው ያነባል። ግን የላክኩት ፑል ሪኩዌስት 340 መስመር የተቀየረበት ሆኖ ታየ። ለካ ኤዲተሬ ሴቭ ሳደርግ የሰውየውን ነጠላ ጥቅስ ሁሉ ወደ ድርብ ቀይሮታል። ሜንቴነሩ በትሕትና «ጥገናው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «ጊት ዲፍ» (የተቀየረውን የሚያሳይ ትእዛዝ) ብዬ እያንዳንዱን መስመር ሳላነብ ፑሽ አድርጌ አላውቅም። አንቺም ይህን ልማድ ከዛሬ ያዢው።

ቀጥሎ ቴስት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጠየቀኝ። ሁለት ጻፍኩ፤ አንዱ ምልክቱ ላለበት ፋይል፣ ሌላው ለሌለበት። ከዚያ ጥገናዬን ለጊዜው አንስቼ የመጀመሪያው ቴስት መውደቁን አየሁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጥገናው ሳይኖርም የሚያልፍ ቴስት ምንም እየጠበቀ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መርጅ ሆነ፤ ከፕሮጀክቱ ኮድ ጋር ተቀላቀለ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ላይብረሪውን ከመረጥሽ በኋላ «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚለውን የመመሪያ ፋይል አንብቢ። ፎርክ አድርገሽ (የራስሽን ቅጂ ጊትሃብ ላይ ፈጥረሽ) ወደ ኮምፒውተርሽ አውርጂው። አንድ ፊደል ሳትነኪ ቴስቶቹን አስኪጂ። መመሪያውን ተከትለሽ እንቢ ካለሽ እሱ ራሱ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። ነባሮቹ ያንን መመሪያ ከተከተሉት ቆይተዋል፤ የጎደለውን የሚያየው አዲስ የመጣ ሰው ነው።

መልስ፦ ከወዲያኛው ወገን

አንዲት ላይብረሪ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ። የሪድሚው ለውጥ ለምን በዝምታ እንደተዘጋ የምገምተውን ልንገርሽ።

ሃክቶበርፌስት የሚባል ዝግጅት በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 4 ፑል ሪኩዌስት ለላከ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። ሪድሚ ላይ አንድ ቃል እየጨመረ የሚልከው ሰው በጣም ከመብዛቱ የተነሳ አዘጋጆቹ ወሩ ሳያልቅ ደንቡን ቀየሩ፤ «እንሳተፋለን» ያለ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን ትንሽ የሪድሚ ለውጥ ስናይ እጃችን ወደ መዝጊያው ይሮጣል። ያንቺም በዚያ ዓይን ታይቶ ይሆናል። ቢሆንም አንድ ቃል ሳይጻፍልሽ መዘጋቱ ልክ አይደለም።

ከላይ የተባለው ላይ ጥቂት ልጨምር። የላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ፋይል መኖሩን እዪ። ኮዱ ለሁሉም ስለታየ ብቻ ኦፕን ሶርስ አይሆንም፤ ላይሰንስ ከሌለው መብቱ ሁሉ የባለቤቱ ነው። ከውጭ ሰው የመጡ ፑል ሪኩዌስቶች በቅርቡ መርጅ መሆናቸውንም ተመልከቺ። ቤቱ ሰው እንዳለበት የሚያሳውቅሽ እሱ ነው። አካሄዱም እንደየቤቱ ይለያያል። ለምሳሌ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ጥገና የሚቀበለው በኢሜይል ነው፤ እያንዳንዱ ላይም «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚል የላኪው የፊርማ መስመር ይፈለጋል።

ትልቅ ለውጥ ካሰብሽ ኮዱን ሳትጽፊ በፊት ጠይቂ። ሰው ሁለት ሳምንት የደከመበትን «ወደዚያ አንሄድም» ብዬ መመለስ እኔንም ያመኛል። ሌላ ደግሞ፣ ለፕሮጀክቱ አዲስ ከሆንሽ ጊትሃብ ላይ አውቶማቲክ ቴስቶቹ ሜንቴነሩ እስኪፈቅድ ላይነሱ ይችላሉ። የተበላሸ መስሎሽ አትደንግጪ። ሁለት ሳምንት መልስ ካጣሽ አንዴ በጨዋነት አስታውሺ። ዝምታው አብዛኛውን ጊዜ ድካም ነው።

ጀማሪዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየኝ መጻፍ ያስፈራኛል። ሌላው፣ ዘጠኝ ሰው የጠየቀበትን ኢሹ መንካት ነውር ነው?

መልስ፦ ሦስተኛው ፊደል

ከሁለተኛው ልጀምር። ነውር አይደለም፤ ግን መጀመሪያ የተያያዘ ፑል ሪኩዌስት መኖሩን እዪ። ካለ እሱን በኮምፒውተርሽ ላይ ሞክሪና ያገኘሽውን ጻፊ፤ እሱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከሌለ፣ የመጨረሻው ጠያቂም ከጠየቀ ወራት ካለፉት፣ «ማንም ካልያዘው እኔ እሞክረዋለሁ» ብለሽ ጀምሪ። ስትልኪ መግለጫው ውስጥ «ፊክስስ» ብለሽ የኢሹውን ቁጥር ጻፊ። መርጅ ሲሆን ኢሹው ራሱ ይዘጋል።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ የኔ ኢሹ በሙሉ ስድስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። ያሳመነው ፋይሉ ነው። ትእዛዙና ውጤቱ ካሉ ሰዋስው የሚፈትሽ የለም። ሪቪው (የኮድ ግምገማ) ላይ ብዙ አስተያየት ሲመጣም ደስ ይበልሽ። ሰው ጊዜውን ሰጥቶ መስመር በመስመር አንብቦልሻል ማለት ነው። ያልገባሽን «ይህ አልገባኝም» በዪ። እኔ ሦስቴ ብያለሁ፤ ሦስቴም ተብራርቶልኛል።

ጀማሪዋ

ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሁልጊዜ የምጠቀምባትን ላይብረሪ ፎርክ አድርጌ ምንም ሳልነካ ቴስቶቹን አስኬድኩ። 212 አለፉ፤ 1 ወደቀ። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ሁለቴ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። የስህተቱን ጽሑፍ ቀስ ብዬ ሳነበው የፋይሉ አድራሻ መሐል ላይ ተቆርጧል። ያስቀመጥኩበት ፎልደር ስሙ ሁለት ቃል ነው፤ የተቆረጠው በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱን አጥፍቼ በአንድ ቃል ስጽፈው 213ቱም አለፉ። መልሼ ክፍተቱን ስጨምር ወደቀ። ኢሹዎቹ ውስጥ ፈለግኩ፤ ስለዚህ የጻፈ ሰው የለም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ልጻፈው?

መልስ፦ ሦስተኛው ፊደል

አሁኑኑ ጻፊው! የፎልደሩን ስም ከነክፍተቱ አስገቢ። ክፍተቱን ስታጠፊ እንዳለፈ፣ ስትመልሺ እንደወደቀም ተናገሪ። የስህተቱን ጽሑፍ ሙሉውን ለጥፊ፤ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ነገ ሌላ ሰው ሲፈልግ እንዲያገኘው።