የደረጃ 9 ባክአፔ ለምን ባዶ ሆነ? (ፒዲፒ-11፣ ዩኒክስ ቪ7)

የአዳማው ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ራስፕቤሪ ፓይ ላይ፣ የድሮ ማሽኖችን በሚያስመስለው ሲምኤች ኢሙሌተር፣ ፒዲፒ-11 የተባለውን የድሮ ኮምፒውተር አስነስቼ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን ዩኒክስ ቪ7 ስርዓተ ክወና እያሠራሁ ነው። አራት ወር ሆነኝ። ሲ ቋንቋን ከሥሩ የምማረው እዚያ ነው። የጻፍኳቸው ፕሮግራሞች በሙሉ እዚያው ዲስክ ላይ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ቅጂ የላቸውም። ስለዚህ የባክአፑ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

እሑድ የካቲት 29 «ደምፕ 0ዩ» ብዬ ሙሉውን ዲስክ ቴፕ ላይ (ኢሙሌተሩ ውስጥ ቴፕ ማለት ፋይል ነው) ገለበጥኩ። ያለ ችግር አለቀ። ሰኞ ማሽኑን አልከፈትኩትም። ማክሰኞ ማታ ስድስት ፋይሎች ላይ ሠርቼ፣ የተቀየረውን ብቻ በደረጃ 9 እንዲገለብጥ «ደምፕ 9ዩ» አልኩ። ወዲያው አለቀ። የጻፈው ጥቂት ብሎክ ብቻ ነው። ደነገጥኩና ከቴፑ ላይ አንዱን ፋይል በ«ሬስቶር ኤክስ» ስፈልገው የለም አለኝ። ከእሑዱ ቴፕ ስሞክር አሮጌው ቅጂ ወጣ፤ ግን ስሙ ጠፍቶ 412 የሚል ቁጥር ብቻ ሆኖ ነው የወጣው።

ቴፑ ተበላሽቶ ነው? ደግሞስ አንድ ቀን ዲስኩ ቢሄድብኝ የየቀኑን 9 ሁሉ በተርታ መመለስ አለብኝ?

ሰብለ፦

ቁጥሩ አያስጨንቅህ። የቪ7 ሬስቶር አንድ ፋይል ለብቻው ሲያወጣ ስሙን አይሰጠውም፤ የአይኖድ ቁጥሩን (ፋይሉ ዲስኩ ላይ የተመዘገበበትን ቁጥር) ነው የሚሰጠው። አንተ ራስህ ስሙን ትቀይረዋለህ። ፋይሉ ዲስኩ ላይ እስካለ ድረስ «ኤንቼክ» የሚባለው ትእዛዝ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ይነግርሃል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ፦ አያስፈልግም። ደረጃ 9 የሚያወዳድረው ከትናንቱ 9 ጋር አይደለም። ከእሱ ዝቅ ያለ ቁጥር ካለው የመጨረሻ ደምፕ ጋር ነው። ያንተ 0 ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ 9 ከእሑድ ወዲህ የተነካውን ሁሉ ይይዛል። 0ውን መልሰህ በላዩ የመጨረሻውን 9 ብትጭን ይበቃሃል።

ባዶ የሆነው ግን እኔንም ግራ አጋባኝ። ደምፕ ሲጀምር ከላይ ሁለት የቀን መስመር ያወጣል፦ አንዱ የአሁኑ ቀን፣ ሌላው የሚያወዳድርበት የቀድሞው ደምፕ ቀን። የማክሰኞውን ለጥፍልን።

የአዳማው ልጅ፦

እሺ፣ ይኸው። የመጀመሪያው መስመር «ዴት» ማክሰኞ ማርች 10፣ 1998 ይላል። ሁለተኛው «ደምፕ ዴት» ሰኞ ጁን 29፣ 1998 ይላል።

ዓመቱ 98 የሆነው አውቄ ነው። ቀን የሚሞላበት የቪ7 ትእዛዝ «ዴት» ዓመትን የሚቀበለው በሁለት አሃዝ ስለሆነ 28 ዓመት ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። የሳምንቱ ቀናት ይገጥማሉ። ጁን ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም።

የድሮ ኦፕሬተር፦

ልጄ፣ ቴፑ ደህና ነው። የካቲት 29 አላልክም? የካቲት ስድስተኛ ወር ነው። ስድስተኛ ወር፣ 29ኛ ቀን ብለህ አስገባህ፤ ማሽኑ ጁን 29 ብሎ ተቀበለህ። ትክክለኛው ማርች 8 ነበር። ማረጋገጫው እዚያው መስመር ላይ አለ፦ ያን ቀን እሑድ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ሰኞ ብሎታል።

የሆነው እንዲህ ነው። ፒዲፒ-11 ላይ ያለው ሰዓት የመብራት መስመሩን ምት ይቆጥራል እንጂ ቀን አያውቅም። ቪ7 ሲነሳ ዲስኩ ላይ ያገኘውን የመጨረሻ ጊዜ ይዞ ይቀጥላል፤ የቀረውን ሰው ነው የሚያስተካክለው። «0ዩ» ስትል ዩዋ ያንን የተሳሳተ ቀን ኢቲሲ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ባለው «ዲዴት» ፋይል መዘገበችው። ማክሰኞ ቀኑን በትክክል ሞላህ። ያን ማታ የሠራሃቸው ስድስቱ ፋይሎች የማርች 10 ናቸው። ደምፕ ደግሞ ከጁን 29 ወዲህ የተነካ ነገር ነው የሚፈልገው። በእሱ ሂሳብ የተነካ ነገር የለም።

ይህንን ስህተት ቶሎ ያወቅኩት ስለኖርኩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የማታ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ማሽናችን ፒዲፒ-11/70 ነበር። እናቴ በየዓመቱ የምትልክልኝን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ኮንሶሉ አጠገብ ሰቅዬው ነበር። አንድ ሌሊት ዓይኔ እሱ ላይ አርፎ ያንተኑ አደረግኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ የተማሪዎች ሥራ ቴፕ ላይ ሳይገባ አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን ዲስኩ አልተበላሸም። በነጋታው መቁጠሪያውን አውርጄ ቤቴ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ አንዳችን ቀኑን ስንተይብ ሌላው ከነዕለቱ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር።

አሁን ቀኑን አስተካክል፤ «ዴት» ብለህ ዕለቱን ጭምር አንብብ። ከዚያ አዲስ 0ዩ ውሰድ። የተሳሳተው የ0 ቀን በአዲሱ ይተካል። አደራ፣ የእሑዱ ቴፕ ላይ አትጻፍ! አዲስ የቴፕ ፋይል አያይዝ። እኛ ጋ ከቴፑ ጀርባ የምትገባ የላስቲክ ቀለበት ነበረች፤ እሷ ከወጣች ማሽኑ በቴፑ ላይ መጻፍ አይችልም። ሲምኤች ላይ ሲያያይዙ የሚሰጠው የ«-አር» ምርጫ ያችን ቀለበት እንደማውጣት ነው። ያለቀ ቴፕ ሁልጊዜ በእሱ አያይዝ።

ሰብለ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ወደ ቀኑ ጭራሽ አልሄድኩም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ እሑድና ማክሰኞ መካከል ያጠፋው ፋይል ቢኖር፣ 0ው ሲመለስ አብሮ አይነሳም?

የድሮ ኦፕሬተር፦

ይነሳል፤ 9ኙ ሲጫንበት ግን ይጠፋል። እያንዳንዱ ቴፕ በዚያን ጊዜ ባዶ የነበሩትን አይኖዶች የሚያሳይ ካርታ ይዟል። ሙሉ ዲስክ የሚመልሰው «ሬስቶር አር» ካርታውን አይቶ ያጸዳቸዋል። ለዚህ ነው ባዶ የፋይል ስርዓት በሚሠራው ትእዛዝ፣ በ«ኤምኬኤፍኤስ»፣ እንደ አዲስ በተሠራ ዲስክ ላይ፣ መጀመሪያ 0 ከዚያ 9 የሚባለው። ሰው እየሠራበት ያለ ዲስክ ላይ በፍጹም አይሞከርም።

የአዳማው ልጅ፦

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። እሑድ ስልኬ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ስለነበር ግድግዳው ላይ ካለው መቁጠሪያ ነው ያየሁት። ማክሰኞ ከስልኬ ነው የሞላሁት።

ረቡዕ በአዲስ ቴፕ 0ዩ ወሰድኩ። ሐሙስ ሁለት ፋይል ቀይሬ፣ አንድ አጥፍቼ 9ዩ አልኩ። «ደምፕ ዴት» አሁን ረቡዕ ማርች 11 ይላል። ከዚያ ሁለተኛ ዲስክ አያይዤ 0ውን፣ በላዩም 9ኙን መለስኩበት። ሁለቱም የተቀየሩት ፋይሎች አዲሶቹ ናቸው። ያጠፋሁት የለም። ስድስቱን አንድ በአንድ በ«ሲኤምፒ» አወዳደርኳቸው፤ ልዩነት የላቸውም። ትናንት ማታ በሰላም ተኛሁ።

9ኙ ግን በየቀኑ እየወፈረ ነው የሚሄደው። እስከ መቼ ልቀጥል?

የድሮ ኦፕሬተር፦

ማኑዋሉ ቴፑ ሊሞላ ሲቃረብ ይላል፤ በ1600 ቢፒአይ (ቴፑ በአንድ ኢንች የሚይዘው መጠን) ወደ 78000 ብሎክ ነው። ያኔ «ደምፕ 1ዩ» ትላለህ። ከዚያ ወዲያ 9ኞቹ ከ1 ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ስትመልስም 0፣ 1፣ የመጨረሻው 9 ነው። አንድ የ9 ቴፕ ላይ ብቻ ደግሞ አትደጋግም። ቢያንስ ሦስት ይኑርህ፤ እያፈራረቅክ ጻፍባቸው። ስማቸው ላይ ዕለቱን ጻፍበት።