ታካሚ ድምፅ ይኑረው ወይስ አስተያየት ብቻ ይስጥ?

ጥያቄውን ያነሳችው፦ ወገኖች፣ አንድ ነገር እንከራከር። ሆስፒታል አሠራሩን ላሻሽል ብሎ ሲነሳ ታካሚዎች ከሚወስነው ኮሚቴ ጋር ቁጭ ብለው ድምፅ ይስጡ ወይስ አስተያየት ሰጥተው ቢሄዱ ይበቃል? እኔ ድምፅ ይስጡ ባይ ነኝ። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ተኝቶ በታከመበት ክፍል ኢንሱሊኑን በሰዓቱ ይወጉታል፣ ምግቡ ግን የሚመጣው በጣም ቆይቶ ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ሲዘገይ የደም ስኳር ከመጠን በላይ ይወርዳል፤ ሁለት ቀን በላብ ተጠምቆ እጁ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። መርፌ ወጊዋ ሥራዋን ሠርታለች፣ ምግብ አቅራቢውም ሠርቷል፣ በመሃል ያለፈውን ሰዓት የቆጠረው ግን አልጋው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም።

ሐኪም፦ እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ታካሚ ይናገር፣ እሰማለሁ። ድምፅ መስጠቱ ላይ ግን አልስማማም። ስህተት ቢፈጠር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደግሞስ ኮሚቴ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ጊዜ ያለውና አንደበቱ የተፈታ ሰው። በጠና የታመመው፣ ቋንቋው የማይገባን፣ ከሥራ ቢቀር የሚባረረው አይመጣም። ከዚያ ሁለት ሰው አስቀምጠን "ሕዝቡ ተስማምቷል" እንላለን። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ካልጻፍክልኝ የሚለኝ ሰውም ብዙ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ ይሄ በድምፅ ብልጫ አይለወጥም።

ነርስ፦ ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስለ መድኃኒት ድምፅ ይሰጥ ያለ የለም። የምግቡ ጋሪ በስንት ሰዓት ይግባ፣ ታካሚ ሲወጣ የምንሰጠው ወረቀት ይገባዋል ወይ፣ ሌሊት ሲብስበት ማንን ይጥራ፣ ጥያቄው ይሄ ነው። እኔ ኢንሱሊን ወግቼ ወደ ቀጣዩ አልጋ አልፋለሁ። ምግቡ ሲደርስ ሌላ ክፍል ነኝ። እውነቴን ነው፣ ክፍተቱ አይታየኝም። የአስተያየት ሳጥን አለን። እስከ ዛሬ ከዚያ ወጥቶ መልስ ያገኘ ወረቀት ግን አላየሁም።

የኅብረተሰብ ጤና ያጠና፦ ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.አ.አ. በ1978 አልማ አታ ከተማ ላይ ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የወጣው የአልማ አታ መግለጫ ሰዎች በጤና አገልግሎታቸው ዕቅድና አፈጻጸም መሳተፍ መብታቸውም ግዴታቸውም ነው ይላል። በ1983 ደግሞ ኤድስ የያዛቸው ሰዎች አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ላይ ተሰብስበው "ተጎጂ አትበሉን" አሉ፤ በየደረጃው ውሳኔ ውስጥ እንግባ፣ በሚያገለግሉን ድርጅቶች ቦርድ ላይም እንቀመጥ ብለው ጻፉ። ልብ በሉ፣ ያኔ ለበሽታው የተፈቀደ አንድም መድኃኒት አልነበረም። ስለ ዜጎች ተሳትፎ የጻፈችው አሜሪካዊት ሼሪ አርንስታይን በ1969 የተሳትፎን መሰላል በስምንት እርከን ስትስል "ማማከር"ን ያስቀመጠችው አራተኛው ላይ ነው። ሰው ይጠየቃል፣ ሐሳቡ መተግበሩን ግን የሚያረጋግጥለት የለም። የአስተያየት ሳጥኑ እዚያ ነው ያለው።

ሐኪም፦ ስለ ጋሪው አሳምናችሁኛል። ግን ያ ችግር በደንብ በመስማት ብቻ ይፈታ ነበር። ለምን ድምፅ?

አስታማሚ የነበረ፦ ዶክተር፣ መስማት በሰሚው ፈቃድ ላይ ስለሚንጠለጠል ነዋ። እንግሊዝ አገር ስታፎርድ ሆስፒታል የሆነውን ያስታውሱ፤ ታካሚዎች በቸልተኝነት ተጎድተዋል። ቤተሰቦች እየጮሁ፣ አስተዳደሩ ዓይኑን ገንዘብና ኮታ ላይ ተክሎ ነበር። የ2013ቱ የምርመራ ሪፖርት የታካሚዎች ድምፅ እንዳልተደመጠ በግልጽ አስቀምጦታል። ስብሰባው ውስጥ "አይሆንም፣ ይሄ ይቅደም" የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍር ነበር።

ጥያቄውን ያነሳችው፦ ዶክተር፣ "የደከመው አይመጣም" ያሉት ግን እውነት ነው፣ እኔም መልሱን አላሰብኩበትም ነበር። እንዲህ ቢሆንስ? ወንበሩ አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻውን በባለሙያ መሃል አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው። የትራንስፖርትና የዋለበት ቀን ይከፈለው። መምጣት የማይችለው ዘንድ ደግሞ የኮሚቴው አባላት ራሳቸው አልጋው ድረስ ይሂዱ። የተጠየቀው ሁሉ ምን እንደተደረገ፣ ካልተደረገም ለምን እንደቀረ በጽሑፍ ይነገረው።

ሐኪም፦ አልጋው ድረስ መሄዱንና በጽሑፍ መመለሱን ነገውኑ እፈርማለሁ። ድምፁ ላይ ገና ነኝ። መጀመሪያ ተጠያቂነቱን እንዴት እንደምንካፈል ንገሩኝ።

ነርስ፦ እሺ ዶክተር፣ ከእሱ እንቀጥል። በምግብ ሰዓቱ ላይ አብረን ብንሳሳት፣ ዛሬ ማን ነው የሚጠየቀው?