ለወተት ላም የሚሰጥ የእርሾ ዱቄት ከአተላ በምን ይለያል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሁለት የተዳቀሉ ላሞቼን በድርቆሽ፣ በፉርሽካ፣ በኑግ ፋጉሎና ከጎረቤት ጠላ ጠማቂዎች በምገዛው አተላ እቀልባለሁ። ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷን ለያዘችው ላም ወተቷ እንዲጨምር ብዬ ፉርሽካውን በአንድ ጊዜ ባበዛላት፣ እበቷ እንደ አጥሚት ቀጠነ፤ ማመስኳቷም ቀነሰ። አንድ የመኖ ነጋዴ የእርሾ ዱቄት እንድገዛ መከረኝ። አተላ ውስጥ እርሾ ካለ ይህ ምን ይጨምርልኛል? የዳቦ እርሾስ አይተካውም? ለውሻዬም ይሆን እንደሆነ ብትነግሩኝ።

መልስ (የእንስሳት አመጋገብ ባለሙያ)፦
እህቴ፣ በቅድሚያ ፉርሽካውን ቀንሰው ድርቆሹን ያብዙላት፤ መብላት ካቆመች ግን ሳይውሉ ሳያድሩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ፉርሽካ ሲበዛ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ አሲድ ይከማቻል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድም (ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ገለባና ድርቆሽ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ። ሕያው እርሾ ከመኖው ጋር የሚገባውን ኦክስጅን ስለሚጠቀምና ላክቲክ አሲድ የሚመገቡትን ባክቴሪያዎች ስለሚያበረታታ፣ በዚህ ረገድ በእርግጥ ይረዳል፤ የተበላሸ አመጋገብን ግን አያቃናም።

የጠላ አተላ እርሾ ቢኖረውም መጠኑ ከጋን ጋን ይለያያል። የአረቄው አተላ ደግሞ እሳት ላይ ስለዋለ እርሾው ሞቷል፤ ሆኖም ፕሮቲኑ ስለማይጠፋ መኖነቱን አልናቀውም። የዳቦው እርሾ ዝርያው ያው ሳካሮማይሰስ ሰርቪዚዬ ነው፤ ለመኖ የሚዘጋጀው ግን በጨጓራ ውስጥ ለሚሰጠው ጥቅም ተመርጦ የሕያዋኑ ብዛት በማሸጊያው ላይ የሚጻፍ በመሆኑ ለላም የሚበጀው እርሱ ነው።

ለውሻ የሚሰጠው የሞተና የደረቀ የቢራ እርሾ ሲሆን፣ ለምግቡ ጣዕም ይሰጣል፤ የቢ ቫይታሚኖችም ምንጭ ነው። ያልተጋገረ ሊጥ ግን በፍጹም አይስጡት፤ ሆዱ ውስጥ ኩፍ ብሎ አልኮል ያመነጫል። ቁንጫ ያባርራል የሚባለውም አልተረጋገጠም።

መልስ (ላም አርቢ፣ ዘንዘልማ)፦
ባለሙያው ባሉት ላይ የደረሰብኝን ልጨምር። ከቢራ ፋብሪካ የወጣ እርጥብ እርሾ በጀሪካን ገዝቼ ሁለት ቀን ካሳደርኩት በኋላ ክዳኑን ስከፍት አረፋው እስከ ክንዴ ተረጨ፤ እኔም ሳላውቅ እንዲሁ ሰጥቼ ጥጃዬ ሆዱ ተነፋ፤ ለጥቂት ተረፈ። እርጥቡን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ በሙቀት መግደል አለበት። ሌላው፣ በክረምት የሻገተ ፋጉሎን በእርሾ አድናለሁ ብለው አይሞክሩ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው የአፍላቶክሲን መርዝ ወደ ወተቱ ስለሚያልፍ እንዲህ ያለውን ፋጉሎ መጣል ይገባል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፉርሽካውን ዛሬውኑ ቀንሻለሁ፤ ጠዋት ሐኪሙ ይመጣል።