የቤቱን ዕዳ ቶሎ ልጨርስ ወይስ ሥራ ልቀንስ? ወገቤ አልቻለም

የሌሊቷ (ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ)

እህት ወንድሞቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

53 ዓመቴ ነው። ሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። በሳምንት 5 ሌሊት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) እሠራለሁ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀን ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ቤት ሄጄ እንከባከባቸዋለሁ፣ በቀን 10 ሰዓት።

ቤቱን የገዛሁት በ2021 ኤፕሪል ላይ ነው። ታውንሐውስ ነው፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ባለ ፎቅ ቤት። ዋጋው 355 ሺህ ዶላር ነበር። 35 ሺህ ከኪሴ ከፍዬ 320 ሺህ ተበደርኩ። 30 ዓመት፣ 3.25 ከመቶ፣ ወለዱ የማይለወጥ። ዋናውና ወለዱ በወር 1 ሺህ 393 ነው። የካውንቲው ታክስ፣ የቤት ኢንሹራንሱና ሌላ ሌላው ሲጨመርበት 1 ሺህ 899 ይሆናል። የምከፍለው ብቻዬን ነው። ቤዝመንቱን (የምድር ቤቱን) ለአንድ የአገር ልጅ በ850 አከራይቻለሁ። ልጄ ኮሌጅ 2ኛ ዓመት ነው። ደሴ ላለችው እናቴ በየወሩ 200 እልካለሁ፣ እሱ አይነካም።

ወረቀቱን የፈረምኩ ቀን የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደሆነ አየሁ። 2051 ይላል። ያኔ 79 ዓመቴ ነው። ያ ቁጥር እንቅልፍ ነሣኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በኪራይ ቤት ኖረ። ሲሞት የለቅሶው ድንኳን የተጣለው ጎረቤት ግቢ ነው። እኛ ግቢ አልነበረንም። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፣ ግን እናቴ ጎረቤቷን ስትለምን አሁንም ይታየኛል።

ስለዚህ ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ በየወሩ 600 ዶላር ጨምሬ ዋናው ላይ እከፍላለሁ። አንድም ወር አላሳለፍኩም። እንዲህ ከቀጠልኩ በ2039 አካባቢ ያልቃል፣ በ67 ዓመቴ። ጡረታ የምወጣውም ያኔ ነው። ዛሬ የቀረኝ 270 ሺህ 400 ነው።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ታማሚ ሳገላብጥ ወገቤ ቋ አለ። ለ3 ቀን ካልሲዬን ማድረግ እንኳን አልቻልኩም። ኤም አር አይ ተነሣሁ፣ ዲስክ ነው ተባልኩ። ሐኪሜ ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳላነሣ ነግራኛለች። ግፊቴም 165 በ100 ሆኗል። «እንቅልፍ ካልተኛሽ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃሽም» ነው ያለችኝ። ያለፈው ሰኞ ጠዋት ከሥራ ስመለስ 270 ሀይዌይ ላይ ዓይኔ ተከደነ። የመንገዱ ዳር ጎማዬን ሲያንገጫግጨው ባነንኩ። መኪናዬን አቁሜ አለቀስኩ።

ሥራ ብቀንስ 600ው ይቀራል። ነርሲንግ ሆሙን ፓርት ታይም ላድርገው፣ በሳምንት ወደ 24 ሰዓት? ግን የጤና ኢንሹራንሴ ያለው እዚያ ነው። ወይስ ትንሽ ልታገሥ? ባንክ ያለኝ 2 ሺህ 300 ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ገብቷል።

የአሌክሳንድሪያዋ

እህቴ፣ እንባሽ እኔንም አስለቀሰኝ። እኔ ጨርሼዋለሁ። ኮንዶ ሳይሆን እንደ አንቺ ባለ ደረጃ ቤት ነው። ሆቴል ክፍል በማጽዳትና በካሽየርነት 11 ዓመት ሠርቼ ጨረስኩ። ሲያልቅ ድግስ ደግሼ ነበር።

አሁን መኝታ ቤቴ 2ኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበቴ ግን ደረጃ አይወጣም። አንዱ ተቀይሯል፣ ሌላው ወረፋ እየጠበቀ ነው። የምተኛው ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ላይ ያለውን ክፍል ልጄ ስትመጣ ትከፍተዋለች። ሐኪሙ ከ5 ዓመት በፊት አንዱን ሥራ ተዪ ብሎኝ ነበር። የቀረኝ 40 ሺህ ስለነበር «እሱን ልጨርስና» አልኩት። ቤቱን እወደዋለሁ፣ በመግዛቴም አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ያቺ «ልጨርስና» ናት። የቅዳሜና እሑዱን ሥራ ዛሬውኑ ተዪው።

ታክስ ሠሪው

ሰላም እህቴ። እኔ ስለ ቁጥሩ ላውራ።

አንደኛ ነገር፣ የሠራሽው ከንቱ አልቀረም። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሳንቲም ባትጨምሪ እንኳ ቤቱ የሚያልቀው በ2051 ሳይሆን በ2048 ነው። 3 ዓመት ቆርጠሻል። ያንን ማንም አይወስድብሽም።

ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ተጨማሪ የምትከፍዪው ገንዘብ የወር ክፍያሽን አይቀንስም። ከመጨረሻው ነው የሚቆርጥልሽ። በ600ዋ በ3 ዓመት 21 ሺህ 600 ዶላር ጨምረሽ ከፍለሽም ብትታመሚና አንድ ወር ባትከፍዪ ባንኩ «ቀድማ ከፍላለች» ብሎ አይተውሽም። ገንዘቡን ከቤቱ ላውጣ ብትዪም ሌላ ብድር ነው፣ ያውም ዛሬ ባለው ወለድ። ወለድሽ 3.25 ነው። ዛሬ 4 ከመቶ ገደማ የሚከፍሉ የቁጠባ ሂሳቦች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ባንክ ይቀመጥ። ቢያንስ የ4 ወር ወጪ እስኪሞላ ድረስ ቤቱን ለቀቅ አድርጊው።

አሁን ጥያቄ አለኝ። 1 ሺህ 899 ውስጥ «ሌላ ሌላው» ያልሽው ምንድን ነው? ቅድሚያ የከፈልሽው ከ20 ከመቶ በታች ነው። እንዲህ ለከፈለ ሰው ፒ ኤም አይ የሚባል የብድር ኢንሹራንስ ይጨመርበታል። በየወሩ የሚመጣልሽን ወረቀት አውጪና ፒ ኤም አይ የሚል ካለ ንገሪኝ። ብድርሽ ኮንቬንሽናል (መደበኛው) ነው ወይስ ኤፍ ኤች ኤ (መንግሥት ዋስትና የሚሰጠው)?

የሌሊቷ

ኮንቬንሽናል ነው። አሁን ወረቀቱን አየሁት። ፒ ኤም አይ 96 ዶላር ይላል። የቤት ኢንሹራንስ መስሎኝ ነበር።

ታክስ ሠሪው

አይደለም። እሱ አንቺን አይጠብቅም፣ አበዳሪውን ነው የሚጠብቀው። አንቺ መክፈል ቢያቅትሽ እነሱ እንዳይከስሩ ነው።

በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ይላል። ዕዳሽ ቤቱን ከገዛሽበት ዋጋ ወደ 80 ከመቶ ሲወርድ አንሡልኝ ብለሽ በጽሑፍ መጠየቅ ትችያለሽ። የ355 ሺህ 80 ከመቶ 284 ሺህ ነው። አንቺ 270 ሺህ ደርሰሻል። በ600ዋ ምክንያት ካለፍሽው ዓመት ሊሞላሽ ነው። ካልጠየቅሽ ግን በራሳቸው የሚያነሡት ከመጀመሪያው በወጣው የክፍያ ሠሌዳ 78 ከመቶ ላይ ሲደርስ ነው። ያ ደግሞ ገና በ2027 ነው። ቀድመሽ መክፈልሽን ሠሌዳው አያውቀውም። ደብዳቤ ጻፊ። ክፍያ አዘግይተሽ የማታውቂ ከሆነ፣ ሌላ ብድርም ቤቱን ካላስያዝሽ፣ የቤቱ ዋጋም ካልወረደ ይነሣልሻል። የቤት ገማች እንልካለን ሊሉ ይችላሉ፣ ክፍያው ባንቺ ነው። ቢሆንም ያዋጣሻል።

ሌላም አለ። ሪካስት ታደርጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ሁሉም አያደርጉም፣ መጀመሪያ ጠቅለል ያለ ገንዘብ አምጪ የሚሉም አሉ። ከተቀበሉሽ በቀረው ዕዳ ላይ የወር ክፍያውን እንደ አዲስ ያሰሉታል፣ ወለዱ ግን ያው 3.25 ነው። በዛሬው ዕዳሽ 1 ሺህ 393ው ወደ 1 ሺህ 285 ይወርዳል። ሪፋይናንስ እናድርግልሽ፣ ማለት ብድሩን በአዲስ ብድር እንለውጥልሽ የሚል ካለ ግን እሺ እንዳትዪ። ያንን 3.25 ዛሬ አታገኚውም።

ነርስ ነኝ (ባልቲሞር)

እናቴ፣ እንደምን ነዎት? በዕድሜ ልጅዎ ነኝ፣ ይፍቀዱልኝ።

ወደ 24 ሰዓት ይውረድ ብለው ቅጽ እንዳይፈርሙ። ትልልቅ ቀጣሪዎች ኢንሹራንስ የመስጠት ግዴታ ያለባቸው በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው ነው። ከዚያ በታች ከወረዱ ኢንሹራንሱ ሊቋረጥብዎት ይችላል። በዚህ ወገብና በዚህ ግፊት ያንን አንመኝም። ከተቋረጠም 60 ቀን ሳያልፍ በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ሌላ መግዛት ይቻላል። እሱ ግን ሁለተኛው መንገድ ይሁን።

የመጀመሪያው ኤፍ ኤም ኤል ኤ ነው፣ ለሕመምና ለቤተሰብ ጉዳይ ፈቃድ የሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ። ብዙ ሰው እሱን ሲሰማ ለወሊድ ብቻ ይመስለዋል። መሥሪያ ቤቱ 50 ሠራተኛ ካለው፣ እርስዎም እዚያ ዓመት ከሞላዎትና ባለፉት 12 ወራት 1 ሺህ 250 ሰዓት ከሠሩ መብትዎ ነው። 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ይሰጣል፣ ኢንሹራንሱ እንዳለ ይቀጥላል። ዋናው ነገር ደግሞ በአንድ ጊዜ መውሰድ ግዴታ አይደለም። ሐኪምዎ ያስፈልጋታል ብላ ቅጹን ከሞላች በትንሽ በትንሹ ይወስዱታል። ለምሳሌ በሳምንት አንድ ሌሊት ይቀራሉ። 40ው ሰዓት 32 ይሆናል፣ በወረቀት ግን ፉል ታይም ነዎት።

የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። ወገብዎ የተጎዳው ሥራ ላይ፣ ታማሚ ሲያገላብጡ ነው። ሪፖርት ተጽፏል? ያ የወርከርስ ኮምፐንሴሽን (ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፈል ካሳ) ጉዳይ ነው። ሕክምናውንና የቀሩበትን ቀን ሊሸፍን ይችላል። የጊዜ ገደብ ስላለው ዛሬ ነገ አይበሉ።

በመጨረሻም፣ እንቅልፍዎ ከመጣ አይንዱ። ፓርኪንግ ውስጥ 20 ደቂቃ ይተኙ። እኛ የምንሠራበት ክፍል አንዲት እህት እየነዳች እንቅልፍ ወስዷት አጥተናል።

ባለ ታክሲው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ ትንሽ ልለይ። ሁሉም አቁሚ አቁሚ ይላል። ሰው አንዴ ካቆመ መመለስ ይከብደዋል። እኔ በራሴ አይቼዋለሁ። 600ውን 50 አድርጊው እንጂ ዜሮ አታድርጊው። እጅ ልማዱን እንዳይረሳ ነው። ደግሞ ቤዝመንቱ በ850 ርካሽ ነው። ጀርመንታውን ላይ መግቢያው ለብቻ ከሆነ ከ1 ሺህ በላይ ይከራያል። እቁብ ካለሽም ለሐኪምና ለመጠባበቂያ አድርጊው። ስለ ወገብሽ ግን ከነርሷ ጋር ነኝ።

የሌሊቷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ 3 ሳምንት ሆነኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የቅዳሜና እሑዱን ሥራ ተውኩ። ከባዱ እሱ ነበር፣ ሴትዮዋን እወዳቸዋለሁ። ሌላ የእኛ ልጅ ተክቼላቸው፣ 2 ቀን አብሬያት ውዬ አስለመድኳት።

የጉዳቱን ሪፖርት ሞላሁ። አለቃዬ ያን ጊዜ «ጥቂት ቀን ዕረፊ» ብላ በቃል ነው ያለፈችው፣ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ኤም አር አዩን አያይዤ በጽሑፍ ሰጠሁ። ጠበቃም አነጋገርኩ። የኤፍ ኤም ኤል ኤውን ቅጽ ሐኪሜ ፈርማዋለች። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ረቡዕ ሌሊት አልገባም።

ለባንኩ ስለ ፒ ኤም አይ ደብዳቤ ጽፌ በሪኮማንዴ ላክሁ። ገማች እንልካለን፣ መክፈል አለብሽ ብለዋል። እሺ ብያለሁ። ሪካስቱን መልስ አልሰጡኝም።

ባለ ታክሲው ወንድሜ፣ 50 ዶላሯን ተቀብያለሁ። እውነትህን ነው፣ ዜሮ ብሎ መጻፍ እጄን ከበደው። ቤዝመንቱ ላይ ግን አልጨምርም። ፌብሩዋሪ ላይ ወገቤ ሲያዝ በረዶውን የጠረገልኝ፣ ሾርባ ያመጣልኝ ያ ልጅ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ እህቴ፣ «ልጨርስና» ያልሺው ከጆሮዬ አልወጣም። ዝርዝሩን ላይ ታች ስል አንድ ሌሊት አደርኩ። ከነርሲንግ ሆሙና ከቤዝመንቱ የማገኘው ሲደመር የቤቱን፣ የመኪናውን፣ የእናቴን ያወጣል። ለአስቤዛና ለመብራት የሚተርፈኝ ትንሽ ነው፣ ግን ይበቃል። ልጄ የራሱን ስልክ እኔ እከፍላለሁ ብሏል፣ ሳልጠይቀው።

ያለፈው እሑድ ከ2 ዓመት በኋላ ቅዳሴ አስቀደስኩ። መቆም ስላልቻልኩ አብዛኛውን ወንበር ላይ ነው ያሳለፍኩት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ እስከ 10 ሰዓት ተኛሁ። ትናንት ግፊቴን ስለካው 142 በ90 ነው። የገማቹ ቀጠሮ ሐሙስ ነው፣ ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ።