ሁለት ሃይስኩል፣ አንድ ወረዳ፤ ልጄን የቱ ጋ ላስመዝግባት?

ጠያቂ፦ የገበሬው ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የወረዳውን ስም ልተወው፣ በኋላ ጠብ ይሆናል። ልጄ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፋለች። ወረዳችን ውስጥ 9ኛ የምትገባበት ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። አንዱ ከተማው ላይ ያለው ትልቁ ነው። ሌላው ለቤታችን ቀረብ የሚል፣ ገጠር ቀበሌ የተከፈተ ትንሽ ነው። የ12ኛ ውጤት በወጣ ቁጥር ሁለቱ ይፎካከራሉ። የከተማው «ብዙ ልጅ ያሳለፍን እኛ ነን» ይላል። የገጠሩ «በፐርሰንት እንበልጣለን» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግራ የገባኝ እኔ ነኝ። ከተማ ከላክኋት የቤት ኪራይ አለ፣ ስንቅ አለ። እናቷ ደግሞ «በዚህ ዕድሜዋ ብቻዋን አትኖርም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። እስኪ የምታውቁ ምከሩኝ።

የቡሬው

ወንድሜ ምን ያወዛግብሃል? ከተማ ላካት። ገጠር ላብራቶሪ የለ፣ መብራት የለ። የፊዚክስ መምህር ሲጠፋ የስፖርቱ መምህር ነው ተክቶ የሚገባው። ፐርሰንት ምናምን ተወው።

የሒሳብ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

የቡሬው፣ አትቸኩል እንጂ። እኔ ገጠርም ከተማም አስተምሬያለሁ። ከተማ ውስጥም ፊዚክስ ሳይማር ሴሚስተር የጨረሰ ክፍል አውቃለሁ።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። እንበል የገጠሩ 20 ልጅ አስፈትኖ 2 አለፉ፤ 10 ፐርሰንት ነው። የከተማው 400 አስፈትኖ 24 አለፉ፤ 6 ፐርሰንት። በወረቀት ገጠሩ በለጠ። ግን 20 ልጅ ላይ አንድ ተማሪ ብቻውን 5 ፐርሰንት ነው። አንዷን በፈተናው ሰሞን ወባ ቢጥላት የትምህርት ቤቱ ውጤት በግማሽ ወረደ ማለት ነው። በ2016 በአገር ደረጃ ከተፈተነው 50 ፐርሰንትና በላይ ያመጣው 5.4 ፐርሰንቱ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ይኼው ዕድል አለው ብለህ አስላው፦ 20 ልጅ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ከሦስት ዓመት በአንዱ አንድም ልጅ አያሳልፍም። ምንም ሳያጠፋ! 400 የሚያስፈትን ዜሮ ካመጣ ግን ዕድል አይደለም፣ ችግር አለ። በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,363 ተብሎ ሲነገር ሰው ሁሉንም በአንድ ላይ ሰደበ። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ደካማ፣ ስንቱ ትንሽ ብቻ እንደሆነ ማን ጠየቀ?

ዓመት ከዓመት ሲያወዳድሩም ተጠንቀቅ። አገር አቀፉ የማለፊያ መጠን በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ፐርሰንት ነው። «ውጤታችን በእጥፍ አደገ» የሚል ባነር ካየህ፣ አገሩም እንዲያ አድጓል። ከ2014 በፊት ያለውን ጭራሽ አታምጣው። ያኔ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው አልነበረም የሚፈተኑት። ኩረጃውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ዋናው። ስንት አለፉ ከማለትህ በፊት ስንት ጀመሩ በል። 9ኛ ላይ 120 ሆነው 12ኛ ላይ 20 ከቀሩ፣ ያ 10 ፐርሰንት የተረፉት ውጤት ነው። የከተማውም ቁጥር ንጹሕ አይደለም። ከጦርነቱ ወዲህ የገጠር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስንት ልጅ ነው ከተማ ገብቶ የተመዘገበው! ሌላ ቦታ የተማረ ልጅ ውጤት ለከተማው ይቆጠራል፤ መውደቁም፣ ማለፉም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ የማምነው ደብተር ነው። ከሁለቱም ትምህርት ቤት አምና 9ኛ የነበረ ልጅ ፈልግና የሒሳብ ደብተሩን ተዋስ። ቀኑን ተመልከት። ከኅዳር ወደ የካቲት ከዘለለ በመሃል መምህር አልነበረም። የቀይ እስክሪብቶ ምልክት ካጣህ የቤት ሥራ የሚያርም የለም። መጨረሻው ገጽ ላይ ስንተኛው ምዕራፍ እንደደረሱ እይ። ሦስተኛው ላይ ከቆሙ ልጅህ 12ኛ ስትደርስ የቀረውን ራሷ ልታጠና ነው።

ስንቅ ተሸካሚዋ

መምህር ያሉት ልክ ነው፤ ግን የኪራዩን ነገር ማንም አላነሳም። እኔ ከተማ ተከራይቼ ነው የተማርኩት፣ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል። ስንቅ እሑድ ይመጣል። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል፣ ከዚያ በድርቆሽ ነው። ውኃ መቅዳት፣ ማብሰል፣ አከራይዋ አምፖሉን በሁለት ሰዓት አጥፉ ስትል መጨቃጨቅ። ጎበዝ የነበርኩት ልጅ የመጀመሪያውን ሴሚስተር 19ኛ ወጣሁ። ጋሼ፣ ዘመድ ቤት አስቀምጣታለሁ ካሉም አስቀድመው በደንብ ይነጋገሩ። እንደ ሠራተኛ የሚያዩ አሉ። ከቤት እየተመላለሰች በደህና መማር ከቻለች እኔ ገጠሩን እመርጣለሁ።

የገበሬው ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። የደብተሩን ነገር ነገውኑ አደርገዋለሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ አለ። መምህር፣ የ9ኛውን ቁጥር ግን ማንን ልጠይቅ? ርዕሰ መምህሩን ብጠይቅ ሊከሰኝ የመጣ ነው የሚለኝ ይመስለኛል።

የሒሳብ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሂድ፤ ሮስተሩ፣ የተማሪዎቹ ስምና ውጤት ዝርዝር፣ እዚያ ነው። እምቢ ካሉህ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ቁጥር ይሰበስባል። ዘንድሮ 12ኛ የተፈተኑት ከሦስት ዓመት በፊት 9ኛ ሲገቡ ስንት ነበሩ ብለህ ጠይቅ። መልቀቂያ ወስደው የሄዱትን ቀንስ። የሴቶቹን ለብቻ አስነግር፤ ጠቅላላው ደህና ሆኖ ሴቶቹ 10ኛ ላይ የሚያልቁበት ትምህርት ቤት አለ።