ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት በመንግሥት ጨረታ የሚደረገው ልዩ አስተያየት ምን ያህል ይጠቅማል?

ጥያቄ
ስምንት ሆነን የተደራጀን የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ማኅበር ነን፤ አምስታችን ሴቶች ነን። ባለፈው ዓመት አንድ የመንግሥት ተቋም የተማሪዎች ዴስክ ለመግዛት ጨረታ ቢያወጣም፣ ሁሉንም በአንድ ሎት (የጨረታ ምድብ) ጠቅልሎ ስላቀረበው መወዳደር አልቻልንም። ሥራው ተከፋፍሎ እንዲወጣ መጠየቅ እንችላለን? ልዩ አስተያየቱስ በተግባር ምን ይጠቅመናል?

መልስ፣ ከግዥ ባለሙያ
የመንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001ን ተከትሎ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መመሪያ ለአገር ውስጥ መድኃኒት 25፣ ለሌሎች የአገር ውስጥ ምርቶች 15 በመቶ የዋጋ ልዩ አስተያየት (ዋጋ ሲነጻጸር የሚሰጥ ብልጫ) ሲፈቅድ፣ ከአገር ውስጥ ድርጅቶች ጋር ለሚወዳደሩ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሰጠው 3 በመቶ ብቻ ነበር። ጣውላና ላሜራ በጅምላ የሚገዛ ድርጅት ከዚህ የበለጠ ቅናሽ ከአቅራቢው ሊያገኝ ይችላል። በእኔ እምነት ትልቁ እገዛ የአደራጅ መሥሪያ ቤታችሁ የዋስትና ደብዳቤ ለጨረታና ለውል ማስከበሪያ ማገልገሉ ነው፤ ያላችሁ ጥቂት ገንዘብ በሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አይታሰርም። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ስለተተካ ለዛሬው ጨረታ አዲሱን መመሪያ አንብቡ።

ሕጉ የሚከለክለው ከግልጽ ጨረታ ለመሸሽ ግዥን መቆራረጥን ነው። በአንድ ግልጽ ጨረታ ውስጥ ሥራን በበርካታ ሎት መመደብ ከዚህ የተለየ ቢሆንም፣ አንዳንድ ባልደረቦቼ ሁለቱን እያምታቱ ኦዲተር ይጠይቀናል በሚል ስጋት ሁሉንም ይጠቀልሉታል። ጥያቄያችሁን የዓመቱ የግዥ ዕቅድ ሲዘጋጅ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ሰሚ ማግኘት ይከብዳል።

መልስ፣ ከቀድሞ የኮብልስቶን ማኅበር አባል
ኮብልስቶን ለብዙ ወጣት እንጀራ የሆነው በዋጋ ልዩ አስተያየት አልነበረም፤ ከተሞች ድንጋይ መጥረቡንና ማንጠፉን ለተደራጁ ማኅበራት ስለለዩላቸው ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 30 በመቶ የመንግሥት ግዥ ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች እንዲለይ አድርጋለች። ነገር ግን ሥራ ማግኘት ብቻውን አያኖርም። እኛ መንገዱን ካስረከብን ከሰባት ወር በኋላ ነው የተከፈለን፤ በዚያ መሃል ሦስት አባሎቻችን የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥተው አልተመለሱም። የሚያሳዝነኝ፣ እነሱ ከሁላችንም የተሻሉ ጠራቢዎች ነበሩ።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለውን መዘግየት ከወዲሁ እንዴት እንከላከለው?

የግዥ ባለሙያው
በነበረው መመሪያ የቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ እስከ 30 በመቶ ይፈቀድ ነበርና መጠኑን ከጨረታ ሰነዱ አረጋግጡ። ርክክቡም በየዙሩ ተደርጎ ለእያንዳንዱ ዙር እንዲከፈል ጠይቁ። ክፍያ በስንት ቀን እንደሚፈጸም የሚገልጸው አንቀጽ ቁጥር ሳይሞላበት የተፈረመ ውል አይቻለሁና ያንን ቦታ ሳታዩ አትፈርሙ።